የዶሮ ኩስ፣ ሳጋቱራና የማይሞቅ ክምር፦ ለጓሮ አፈር ፍግ ወይስ ኮምፖስት?

ጥያቄ፦ «10 ካሬ ሜትር የሚሆን የአትክልት መደብ አለኝ። አፈሩ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ይሻሻል ብዬ ትኩስ የዶሮ ኩስና ሳጋቱራ በብዛት ደባለቅሁበትና በሳምንቱ የቲማቲምና የጎመን ችግኝ ተከልሁ። ከፊሉ ጠውልጎ ሞተ፤ የተረፈውም ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ ቀረ። ኮምፖስትም ጀምሬአለሁ፤ ነገር ግን ክምሩ አይሞቅም፣ መጥፎ ሽታም አለው። ለመሆኑ ፍግ ይሻላል ወይስ ኮምፖስት? ምን ያህል፣ መቼስ ልጨምር?»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምር። ፍግና ኮምፖስት አንዱን ጥሎ ሌላውን ለመያዝ የሚወዳደሩ ነገሮች አይደሉም፤ ሥራቸው የተለያየ ነው። ትኩስ ፍግ፣ በተለይም የዶሮ ኩስ፣ በዋናነት ተክሉን የሚመግብ ነው፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን በቶሎ ስለሚለቀቅ ጥቅሙም ጉዳቱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታያል። የበሰለ ኮምፖስት ደግሞ በዋናነት አፈሩን የሚገነባ ነው፤ በውስጡ ካለው ናይትሮጅን በመጀመሪያው ዓመት ለተክሉ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው በአፈሩ ውስጥ ተይዞ ለዓመታት ቀስ እያለ ይለቀቃል። በደንብ የተብላላ የከብት ፍግ በሁለቱ መካከል ይቆማል። እርስዎን ያጋጠመዎት ችግር በእኔ አስተያየት የመጣው፣ አፈሩን ለመገንባት አስበው ሳለ ለተክል ምግብ የሚሆነውን ነገር አፈር በሚገነባበት መጠን ስለ ጨመሩ ነው።

በመጀመሪያ የሞቱትን ችግኞች እንመልከት። ዶሮ እንደ ከብት ሽንቷን ለብቻ አታወጣም፤ ሽንቷና ኩሷ በአንድነት ስለሚወጡ በኩሱ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን አብዛኛው ዩሪክ አሲድ በሚባል መልክ ይገኛል። ይህ ውሕድ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ በፍጥነት ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ለለጋ ሥር መርዝ ነው። ከዚህም ሌላ ኩሱ ብዙ ጨው ስለሚይዝ፣ በሥሩ ዙሪያ ያለው ውሃ ጨዋማ ሲሆን ሥሩ ውሃውን መሳብ ያቅተዋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ችግኙ የሚጠወልገው፣ የቅጠሉም ጠርዝ እንደ ተለበለበ ሆኖ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢጫ ሆነው የቀጨጩት ግን በሌላ ምክንያት የተጎዱ ይመስለኛል። የሚበሰብስ ነገር ሁሉ ጠባዩ በአብዛኛው የሚወሰነው በውስጡ ባለው የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ ነው። የማብላላቱን ሥራ የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ካርቦንን ለኃይል፣ ናይትሮጅንን ደግሞ ለሰውነታቸው ግንባታ ይፈልጋሉ፤ ምጣኔው ከ25 እስከ 30 ለ1 ሲሆን ሁለቱም ይሟሉላቸዋል። በሳጋቱራ ውስጥ ግን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ200 እስከ 500 እጅ ካርቦን ይገኛል። በስንዴ ገለባ 80 አካባቢ፣ በከብት ፍግ 20 አካባቢ፣ በዶሮ ኩስ ደግሞ 10 ያህል ነው። ሳጋቱራ አፈር ውስጥ ሲገባ ተሕዋስያኑ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ተክሉም ይራባል። ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እያወጣ ወደ አዲሱ ስለሚልክ፣ ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው የታችኛው ቅጠል ነው፤ የእርስዎም ችግኞች እንዲህ ከሆኑ ምክንያቱ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ምናልባት «አንዱ ናይትሮጅን የበዛበት፣ ሌላው የጎደለው ከሆነ ሁለቱ ሊካካሱ አይገባም ነበርን?» ይሉ ይሆናል። በስሌት ይካካሳሉ፤ በጊዜ ግን አይገናኙም። ኩሱ ያለውን ናይትሮጅን በቀናትና በሳምንታት ይለቅቃል፣ ሳጋቱራው ግን ለመበስበስ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። ደግሞም በአካፋ የተደባለቀ ነገር እኩል አይሰራጭም፤ ኩስ በተከማቸበት ላይ ያረፈው ችግኝ ሲቃጠል፣ ሳጋቱራ በበዛበት ላይ ያረፈው ተርቧል። ሁለቱ የሚካካሱበት ትክክለኛ ቦታ መደቡ ሳይሆን የኮምፖስት ክምሩ ነበር።

አሁን ከመደቡ ውስጥ ሳጋቱራውን ለቅሞ ማውጣት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ውሃ የማይተኛበት መደብ ከሆነ አንድ ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ጨውን ከሥሩ ክልል ወደ ታች ያወርደዋል። ለመጪው ወቅት ደግሞ ጎመንን በመሰለ ናይትሮጅን ወዳድ ተክል ፈንታ ቦሎቄ ወይም ሌላ ጥራጥሬ እንዲዘሩበት እመክራለሁ፤ እነዚህ ተክሎች በሥራቸው እብጠት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኙ የሳጋቱራው ሽሚያ ያን ያህል አይጎዳቸውም። ምርቱ ሲሰበሰብ ግንዱን ከመሬት ላይ ቆርጠው ሥሩን እዚያው ይተዉት፤ ለሸክላማ አፈር የበሰበሰ ሥር የሚተወው ቀዳዳ በዶማ ከሚከፈተው ይልቅ ይቆያል።

ስለ ክምሩ ስንመጣ፣ ሽታው ራሱ ምርመራ ነው። ዓይን የሚቆጠቁጥ የአሞኒያ ሽታ ከሆነ ናይትሮጅን በዝቷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተረፈዎትን ሳጋቱራ መጨመር ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከሆነ ግን አየር አጥቷል፤ ይህም የሚሆነው ውሃ ሲበዛበት ወይም እንደ ታጨደ እርጥብ ሣር ያለ የሚጣበቅ ነገር ሲታጨቅበት ነው። እርስዎ «አይሞቅም፣ ይሸታል» ስላሉ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። ክምሩን አፍርሰው እርጥቡን ከደረቁ ጋር እየደባለቁ እንደገና ይሥሩት። በክብደት ሳይሆን በባልዲ ሲለካ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ ነገር ለአንድ እጅ እርጥብ ነገር ጥሩ መነሻ ነው፤ ሳጋቱራና የዶሮ ኩስ ሁለቱም ጽንፍ ላይ ስለሚገኙ ግን በትንሽ በትንሹ፣ ከሌላው ነገር ጋር እያፈራረቁ ይጨምሯቸው። ከሥሩ እንጨታማ ቅርንጫፍ ማንጠፍ አየር ከታች እንዲገባ ያደርጋል።

የክምሩ መጠንም ወሳኝ ነው። በርዝመት፣ በስፋትና በቁመት 1 ሜትር ያልደረሰ ክምር የሚያመነጨው ሙቀት ከውስጥ ሳይጠራቀም በዙሪያው ይባክናል። እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ መሆን ይኖርበታል፤ ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከመሐሉ አንድ እፍኝ ወስደው አጥብቀው ሲጨምቁት እጅዎ ረጥቦ ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ካልወጣው ልክ ነው። እነዚህ ነገሮች ከተሟሉ ክምሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ይህ ሙቀት ተራ ነገር አይደለም፤ የአረም ዘርንና አብዛኛውን በሽታ አምጪ ተሕዋስ የሚገድለው እርሱ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የኦርጋኒክ ግብርና ደንብ በረድፍ የሚከመር የፍግ ኮምፖስት ቢያንስ ለ15 ቀናት ከ55 ዲግሪ ሳይወርድ እንዲቆይ፣ በዚሁ ጊዜም ቢያንስ 5 ጊዜ እንዲገላበጥ ያዝዛል፤ መገላበጡ ያስፈለገው የቀዘቀዘው ዳር ወደ ሞቀው መሐል እንዲገባ ነው። ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ የሚያብላሉት ተሕዋስያን ራሳቸው ስለሚሞቱ ገልብጦ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የጓሮ አትክልተኛ ቴርሞሜትር ባይኖረው ረጅም ብረት መሐሉ ድረስ ሰክቶ ከአፍታ በኋላ ማውጣት ይችላል፤ ብረቱ በእጅ ለመያዝ የሚከብድ ከሆነ ክምሩ ሠርቷል።

ክምሩ ቀዘቀዘ ማለት ግን በሰለ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሞቀበት ጊዜ በኋላ ቢያንስ አንድ ሁለት ወር ተከድኖ ማረፍ ይኖርበታል፤ መጠኑም ከመጀመሪያው ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። የበሰለ ኮምፖስት ቢገላበጥና ቢረጥብም ዳግም አይሞቅም፣ ሽታው የአፈር ነው፣ መነሻውም በዓይን አይለይም። ጥርጣሬ ካለዎት እርጥቡን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ለሦስት ቀን ያቆዩት፤ ሲከፍቱት ከኮመጠጠ ወይም አሞኒያ ከሸተተ አልበሰለም። ሌላው ፈተና ፌጦ መዝራት ነው፤ ፌጦ ለአሞኒያም ለጨውም ስስ ስለሆነና በጥቂት ቀናት ስለሚበቅል፣ በኮምፖስቱ ላይ የተዘራው በተራ አፈር ላይ ከተዘራው እኩል ካልበቀለ ኮምፖስቱ ጊዜ ይቀረዋል።

ፍግን በቀጥታ መጠቀም ከፈለጉ ከምግብነቱ በፊት ጤናን ማሰብ ግድ ነው። በትኩስ ፍግ ውስጥ ሳልሞኔላና አደገኛ የኢ. ኮላይ ዓይነቶች ሊገኙ ይችላሉ። ቀደም ብዬ በጠቀስሁት ደንብ መሠረት፣ ያልተብላላ ፍግ የሚበላው ክፍሉ አፈር ለሚነካ ሰብል፣ ለምሳሌ ለካሮትና ለሰላጣ፣ ምርቱ ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን አስቀድሞ፣ የሚበላው ክፍሉ አፈር ለማይነካ ደግሞ 90 ቀን አስቀድሞ ከአፈር ጋር መቀላቀል አለበት። ለንግድ ባያመርቱም ይህን ጠብቆ መሥራት ተገቢ ነው። የውሻ፣ የድመትና የሰው ዓይነ ምድር ግን ወስፋትንና ሌሎች ጥገኛ ሕዋሳትን ስለሚያስተላልፍ፣ የጓሮ ክምርም ሁልጊዜ በቂ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ፣ ለሚበላ አትክልት ጨርሶ አይሁን።

ፍጉ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ይለያያል። የፈረስ ፋንድያ ያልተፈጨ የአረም ዘር ስለሚበዛበት በክምር ማለፉ ይበጃል። የበግና የፍየል በጠጥ ደረቅና ከከብት እበት ይልቅ በንጥረ ነገር የበለጸገ ስለሆነ መጠኑ ያንሳል። ከሁሉም በላይ ግን እንስሳው የበላው መኖ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሚኖፓይራሊድ፣ ክሎፓይራሊድና ፒክሎራም የሚባሉት የአረም መድኃኒቶች ሣር ላይ ከተረጩ በኋላ በእንስሳው ሆድ ውስጥ ሳይፈርሱ ያልፋሉ፣ ኮምፖስትም ሲሠራ ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፤ ቲማቲምን፣ ድንችንና ጥራጥሬን እጅግ በአነስተኛ መጠን ያጣምማሉ። ምንጩን ከማያውቁት ፍግ ጥቂቱን ከአፈር ጋር ደባልቀው በጣሳ ቦሎቄ ይዝሩበት፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲሱ ቅጠል ከተጠቀለለ ወይም ከተሸበሸበ ያን ፍግ ወደ መደብዎ አያስገቡት።

ወደ መጠኑ እንምጣ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ማለት 10 ሊትር ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው። ለእንደ እርስዎ ዓይነት ደካማ አፈር በመጀመሪያው ዓመት 5 ሴንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት፣ ማለትም ለ10 ካሬ ሜትሩ 500 ሊትር ያህል፣ ከላይኛው 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር መደባለቅ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የተብላላ የከብት ፍግ ከሆነ ለካሬ ሜትር ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም በዓመት፣ ደረቅና የተብላላ የዶሮ ኩስ ከሆነ ግን ከግማሽ ኪሎ ግራም አይለፍ። ሁለቱን በአንድ ዓመት ከተጠቀሙ የእያንዳንዱን መጠን ይቀንሱ።

«ለምን ከዚህ በላይ አይጨመርም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ፎስፈረስ የሚባለው ሌላው የተክል ምግብ ነው፤ ጉዳዩ በጓሮ አትክልተኞች ዘንድ ከሚገባው በታች ስለሚነገርለት ጥቂት ልቆይበት። ተክል ለእያንዳንዱ እጅ ፎስፈረስ በክብደት ከ6 እስከ 8 እጅ ናይትሮጅን ይወስዳል፤ በፍግ ውስጥ ግን ምጣኔው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ለ1 ነው። ስለዚህ የተክሉን የናይትሮጅን ፍላጎት በፍግ ብቻ የሚሞላ ሰው በየዓመቱ ተክሉ ከሚያስፈልገው በላይ ፎስፈረስ ይጨምራል ማለት ነው። ፎስፈረስ እንደ ናይትሬት (በውሃ እንደሚሟሟው የናይትሮጅን መልክ) በቀላሉ በውሃ ታጥቦ አይወርድም፤ በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ክምችቱ ሲበዛ ተክሉ ብረትንና ዚንክን እንዳያገኝ ያውካል፤ ከአፈሩ ጋር በጎርፍ ሲሄድም በኩሬና በሐይቅ ውስጥ አልጌ እንዲፈላ ያደርጋል። ለዓመታት ፍግ በብዛት ሲጨመርባቸው በቆዩ ጓሮዎች ለቢጫ ቅጠል መድኃኒቱ ተጨማሪ ፍግ ይመስላል፤ ነገሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። መውጫው ከተክሉ የናይትሮጅን ፍላጎት ከፊሉን በጥራጥሬ ማሟላትና በየሦስት ዓመቱ ገደማ አፈሩን በላቦራቶሪ ማስመርመር ነው።

በሌላ በኩል ትዕግሥትን የሚጠይቀው የአፈር ግንባታው ነው። የ1 ካሬ ሜትር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ሲደርቅ 250 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በውስጡ ያለውን ብስባሽ (የበሰበሰ የተክልና የእንስሳ ቅሪት) በአፈሩ ክብደት አንድ መቶኛ ለማሳደግ 2.5 ኪሎ ግራም የሚቆይ ብስባሽ ያስፈልጋል። በ20 ሊትር ኮምፖስት ውስጥ ውሃውና ማዕድኑ ሲቀነስ ወደ 3 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ብስባሽ ሊኖር ይችላል፤ ከዚህም ብዙውን በሚቀጥሉት ዓመታት ተሕዋስያን በልተው ይጨርሱታል። ለውጡ አዝጋሚ የሚሆነው ስለዚህ ነው። የተገነባውም በቀላሉ አይጠፋም፦ በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ የገብስ ማሳ ላይ ከ1852 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን፣ ማለትም በካሬ ሜትር 3.5 ኪሎ ግራም ፍግ ሲጨመርበት የቆየ አንድ ክፍል አለ፤ ፍጉ ከተቋረጠ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም አፈሩ ምንም ካልተጨመረበት ጎረቤቱ የተሻለ ብስባሽና ምርት ይሰጥ ነበር።

ስለ አጨማመሩ ጥቂት ነገር ልጨምር። ፍግ መሬት ላይ ተበትኖ ሲቀር አሞኒያው ወደ አየር ስለሚተን በተበተነበት ቀን ከአፈር ጋር መደባለቅ አለበት፤ የበሰለ ኮምፖስት ግን ከላይ ቢነጠፍም የሚያጣው ጥቂት ነው፤ የምድር ትሎች ወደ ታች ያወርዱታል። ሸክላማ አፈርን እርጥብ እያለ አይቆፍሩ፣ አይርገጡትም፤ የአንድ ቀን መረገጥ የብዙ ወር ሥራ ያበላሻል። በእጅዎ ሲጨብጡት ተጣብቆ ከመቅረት ይልቅ ሲነኩት የሚፈረፈር ሲሆን ጊዜው ነው። እንዲላላ ብሎ አሸዋ መጨመርን ብዙዎች ይመክራሉ፤ መጠኑ እጅግ ካልበዛ አሸዋው በሸክላው ውስጥ ተውጦ እንደ ጡብ ያጠነክረዋልና አልስማማበትም። አመድ የአፈርን አሲድነት የሚቀንስ ጠቃሚ ነገር ቢሆንም ከትኩስ ፍግ ጋር ከተደባለቀ አሞኒያውን ያባርረዋል፤ አፈሩ አሲዳማ መሆኑ በምርመራ ሳይታወቅም አይጨመር።

በእርስዎ ሁኔታ እንግዲህ በዚህ ሳምንት ክምሩን አፍርሰው የተረፈውን ኩስና ሳጋቱራ ከገለባና ከአረንጓዴ ነገር ጋር ደባልቀው እንደገና ይሥሩት፤ መደቡን አጠጥተው አፈሩ ሲፈረፈር ቦሎቄውን ይዝሩ፣ ከበቀለ በኋላም በመሐሉ ገለባ ይጎዝጉዙ። ጉዝጓዙ ከላይ እስከሆነ ድረስ ከአፈሩ ናይትሮጅን የሚሻማው በገጽታው ላይ ብቻ ስለሆነ አያስጋዎት። ቦሎቄው በሚሰበሰብበት ጊዜ ክምሩ ሳይበስል አይቀርም፤ በፌጦ ፈትነው ካለፈ በ5 ሴንቲ ሜትር ልክ ይደባልቁትና ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው ቲማቲሙን ይትከሉ። ጎመኑ ይበልጥ ናይትሮጅን ስለሚፈልግ ለእርሱ ብቻ በካሬ ሜትር ሩብ ኪሎ ግራም የተብላላ የዶሮ ኩስ ከተከላው አንድ ወር ቀደም ብለው መጨመር ይችላሉ። ለላቦራቶሪ የሚሆነውን የአፈር ናሙና ግን ኮምፖስቱ ከመደባለቁ በፊት፣ ከመደቡ ከአምስት ስድስት ቦታ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወስደው በአንድነት ይቀላቅሉት።